መንገድ ላይ ቢመሽብን

መግቢያ

የደጋ ሰው መንገድ ያውቃል። ገበያ በእግሩ ይሄዳል። ወፍጮ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ፍርድ ቤት፣ ለቅሶና ሠርግ በእግሩ ይደርሳል። ጧት ወጥቶ ማታ ይመለሳል።

አንዳንድ ቀን ግን ማታ አይመለስም። ወንዝ ይሞላል። ጉም ወርዶ መንገድ ይሰውራል። አህያ ያነክሳል። ወይም ገበያው ይቆይበታል። ያን ጊዜ መንገደኛው ሳያስበው ውጭ ያድራል።

ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ስንቁን ይሰንቃል፤ ልብሱን ይደርባል። እሱ ለማደር ተዘጋጅቶ ነው የወጣው። ብርድ የሚጎዳው ለማደር ያልወጣውን ነው። «አሁን ደርሼ መጣሁ» ብሎ በነጠላ ልብስ የወጣውን ነው።

ይህ ትምህርት ሦስት ነገሮችን ያስረዳል። አንደኛ፣ ብርድ ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ። ሁለተኛ፣ መንገደኛ ምን መያዝ እንደሚገባው። ሦስተኛ፣ ብርድ የመታውን ሰው እንዴት መርዳት እንደሚቻል።

1. ደጋው ሌሊት ለምን ይበርዳል?

ከቆላ ወደ ደጋ ስንወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። የሙቀት መለኪያው ዲግሪ ይባላል። የከፍታ መለኪያው ሜትር ይባላል። 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ውኃ የሚረጋው 0 ዲግሪ ላይ ነው።

የደብረ ብርሃን ከተማ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በሰሜን ተራሮች ያለው ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በአገራችን ከሱ የሚበልጥ ተራራ የለም። በእነዚህ ቦታዎች ቀን ፀሐይ ያቃጥላል። ሌሊት ግን ውርጭ ይወርዳል።

በአገራችን ሌሊቱ ረጅም ነው። ክረምትም ሆነ በጋ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ ውጭ ያደረ ሰው የሚታገለው ከግማሽ ቀን ብርድ ጋር ነው።

ሁለት ጊዜያት በተለይ ያስጠነቅቃሉ። የመጀመሪያው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ይላል። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው። ደመና ሲጠፋ ምድር ቀን የያዘችው ሙቀት ወደ ላይ ያመልጣል። ለዚህ ነው ውርጭ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት የሚወርደው።

ሁለተኛው ክረምቱ ነው። በክረምት ውርጭ የለም። ግን ዝናብና ነፋስ አለ። ብዙ ሰው «ውኃ ካልረጋ ብርድ አይገድልም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ልብሱ የራሰና ነፋስ የሚመታው ሰው፣ ውኃ በማይረጋበት ሌሊትም በብርድ ሊሞት ይችላል።

2. አራቱ የሙቀት ሌቦች

የሰው ገላ እንደ ምድጃ ነው። ምግብ ማገዶው ነው። የጤነኛ ሰው የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ሰውየው አደጋ ላይ ነው።

አንድ ነገር በደንብ እንወቅ። ልብስ ራሱ ሙቀት አይሠራም። ሙቀት የሚሠራው ገላችን ነው። የልብስ ሥራ ገላችን የሠራውን ሙቀት እንዳያመልጥ መያዝ ነው። ይህን ሙቀት የሚሰርቁ አራት ሌቦች አሉ።

አንደኛው ሌባ እርጥበት ነው። ውኃ ከአየር ይልቅ ሙቀትን ፈጥኖ ይወስዳል። ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ላብም ያርሳል። ዳገት ስንወጣ በላብ የራሰ ልብስ ስንቆም ይቀዘቅዛል።

ሁለተኛው ሌባ ነፋስ ነው። ገላችን አጠገቡ ያለውን አየር ያሞቃል። ነፋስ ግን ያን የሞቀ አየር ይገፈዋል።

ሦስተኛው ሌባ መሬት ነው። ይህን ሌባ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጋቢውን ከላይ ይደርባል፤ ከሥር ግን ምንም አያነጥፍም። እርጥብ መሬትና ድንጋይ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ሲመጡ ያድራሉ።

አራተኛው ሌባ ራብ ነው። ማገዶ ያጣ ምድጃ ይጠፋል። ያልበላ ሰውም ፈጥኖ ይቀዘቅዛል።

ሕፃናትና ሽማግሌዎች ከጎልማሳ ይልቅ ቶሎ ይጎዳሉ። የታመመና የቆሰለ ሰውም እንዲሁ ነው።

3. አባትና ልጅ

ነገሩ በምሳሌ እንዲገባን ይህን እንመልከት። እንበልና ወሩ ሐምሌ ነው። አባትና የ13 ዓመት ልጁ ከገበያ ይመለሳሉ። በግ ሸጠዋል። ጨውና ቡና ገዝተዋል። አንዲት ጎረቤታቸው አሮጊትም አህያቸውን እየነዱ አብረዋቸው ናቸው።

አሮጊቷ በአህያዋ ጭነት ላይ አንድ ጥቅል አስረዋል። ጧት ሲወጡ አባትየው ጥቅሉን አይቶ «እናቴ፣ ሊሰደዱ ነው እንዴ?» ብሎ ቀልዶ ነበር።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ዝናብ መጣ። በረዶም ቀላቀለ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሞልቶ አገኙት።

«ይጎድላል፤ ትንሽ እንቆይ» አለ አባትየው። ቆሙ። ወንዙ አልጎደለም። ነፋስ ተነሣ። የልጁ የጥጥ ልብስ ርሷል። ልጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«በረደህ ወይ?» አለው አባቱ።

«ደህና ነኝ አባዬ» አለ ልጁ።

ቆይቶ ልጁ መንቀጥቀጡን ተወ። አባቱ «እሰይ፣ ተሻለው» አለ። ልጁ ግን አልተሻለውም። ሲራመድ ይደናቀፋል። ሲናገር ምላሱ ይተሳሰራል። በመጨረሻም «ሞቀኝ» ብሎ ልብሱን ሊጥል ቃጣ።

አባትየው ደነገጠ። ከገበያ የገዛውን አረቄ አወጣ።

«ተው ልጄ፣ እሱን አትስጠው» አሉ አሮጊቷ።

«ያሞቀዋል ብዬ ነው እኮ እናቴ።»

«ቆዳውን ነው የሚያሞቀው። ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ጤና ኬላ ሲያስተምሩን ሰምቻለሁ። ይልቅስ ና፣ እርጥቡን አውልቅለት።»

አሮጊቷ ጥቅሉን ፈቱ። ከውስጡ ባና፣ ላስቲክ፣ ሁለት ባዶ ከረጢትና በሶ ወጣ። ልጁን ቀስ ብለው ወደ አንድ ቋጥኝ ሥር ወሰዱት። ነፋስ አይገባበትም። ከቋጥኙ ሥር ዝናብ ያልነካውን ሣር አጭደው ከረጢቶቹን ሞሉና ከሥር አነጠፉ። እርጥቡን ልብስ አወለቁለት። አባትየው የራሱን እርጥብ ልብስ አውልቆ ልጁን አቀፈው። ሁለቱን በአንድ ባና ጠቀለሏቸው። ላስቲኩን ከላይ ደረቡ። አሮጊቷም በጋቢያቸው ተጠቅልለው ከልጁ ወዲያኛው ጎን ተጠጉ።

ሌሊት ላይ ልጁ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይህ ጥሩ ምልክት ነበር። ገላው ሙቀት መሥራት ጀምሯል ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ «እራበኝ» አለ። በሶውን በስኳር በጥብጠው በጥቂት በጥቂቱ ሰጡት። ሲነጋ ወንዙ ጎድሎ ነበር። ተሻገሩ። በዚያን ቀን በጥቅሉ የቀለደ የለም።

እነዚህ ሰዎች ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው። ነገሩ ግን በየደጋው ሊደርስ የሚችል ነው።

4. የመንገደኛው ጥቅል

በጥቅሉ ውስጥ የሚገቡት ነገሮች ብዙዎቹ በቤታችን አሉ። የሌሉትም ገበያ ላይ በጥቂት ገንዘብ ይገኛሉ። አንድ በአንድ እንያቸው።

ሀ. የሱፍ ልብስ። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና፣ በርኖስ ወይም ሹራብ ይያዝ። የጥጥ ጋቢ ደረቅ ሲሆን መልካም ነው። ሲርስ ግን ውኃ ይመጣል፤ ይከብዳል፤ ሙቀትም አይይዝም። የበግ ጠጉር ቢርስ እንኳ ሙቀት ጨርሶ አይለቅም። አባቶቻችን በደጋ በርኖስና ደበሎ የለበሱት ለዚህ ነው።

ለ. ላስቲክ። 2 ሜትር በ3 ሜትር የሚሆን ወፍራም ላስቲክ ይበቃል። ሁለቱን ሌቦች፣ እርጥበትንና ነፋስን፣ በአንድ ጊዜ ይከለክላል። ገሳ ያለውም ገሳውን ይያዝ። ላስቲክ ስንለብስ ግን ፊትና አፍንጫ መሸፈን የለበትም። ያፍናል።

ሐ. ሁለት ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት። ባዶ ከረጢት አይከብድም። ሣር ወይም ጭድ ሲሞላ ፍራሽ ይሆናል። ሲመሽ እግር ይከተትበታል። አጎዛ ያለው አጎዛውን ቢይዝ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ከመሬት የሚለየን ነገር ሁሉ ጠቃሚ ነው።

መ. ቆብና ደረቅ ካልሲ። ራስ፣ አንገትና እግር ሲሸፈኑ ገላ ሁሉ ይሞቃል። ካልሲ የሌለው ሰው እግሩን በደረቅ ጨርቅ ይጠቅልል። ካልሲው የሚደረገው ከቆምን በኋላ ነው። እየሄድን ካደረግነው ይርሳል።

ሠ. ክብሪት ወይም ላይተር። ክብሪት በላስቲክ በደንብ ተጠቅልሎ ይታሰር። አብሮትም አንድ እፍኝ ደረቅ ጭራሮ ይያዝ። በክረምት ዱር ውስጥ ደረቅ ነገር መፈለግ ከባድ ነው።

ረ. የእጅ ባትሪ። በጨለማ ገደል አይታይም። የተጎዳን ሰው ለማየትም ብርሃን ያስፈልጋል። በሞባይል ስልክ መብራት ብቻ መተማመን አይገባም። መብራቱ የስልኩን ባትሪ ይጨርሳል። ከዚያ ወዲያ ለመደወል አይቻልም።

ሰ. ስንቅ። በሶ ጥሩ ስንቅ ነው። እሳት አይፈልግም፤ ቶሎ አይበላሽም፤ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ዳቦ ቆሎና ቆሎም መልካም ናቸው። ትንሽ ስኳር ቢጨመር ቶሎ ኃይል ይሰጣል። ይህ ስንቅ ቀን አይነካም። የሌሊት ነው።

ሸ. ውኃ። ቢያንስ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በኮዳ ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ ይያዝ። ብርድ ቢሆንም ገላ ውኃ ይፈልጋል። በረዶ መዋጥ ግን አይገባም። ሆድ ውስጥ ገብቶ ሙቀት ይወስዳል።

ቀ. ገመድና ቢላዋ። ገመዱ ላስቲኩን ለመወጠር ይሆናል። ቢላዋው ሣር ለማጨድና እንጨት ለመሰንጠቅ ይረዳል።

በ. ፊሽካ። ሰው ሲጮህ ድምፁ ይደክማል። ፊሽካ ግን አይደክምም። ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ጥቂት ይጠበቃል፤ እንደገና ሦስት ጊዜ ይነፋል። ሦስት ጊዜ መንፋት በብዙ አገሮች «እርዱኝ» ማለት ነው። የመንደሩ ሰው ይህን ምልክት አስቀድሞ ቢስማማበት ጥሩ ነው።

የዘወትር መድኃኒት ያለው ሰው የአንድ ቀን ትርፍ መድኃኒት ይጨምር። ስልክ ያለውም ስልኩን በደረቱ፣ ከልብሱ ሥር ይያዝ። ብርድ የስልክ ባትሪ ያዳክማል።

ይህ ሁሉ በአንድ ገመድ ታስሮ በር አጠገብ ይቀመጥ። ሲወጡ ማንሣት ብቻ ነው። ጥቅሉን በየጊዜው መፍታትም ያስፈልጋል። ስንቁ ይለወጥ፤ ክብሪቱ ይታይ፤ ባናው ፀሐይ ይሙቅ።

5. የጎብኚው ሻንጣና የኛ ጥቅል

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ተራራውን በእግራቸው ሊያዩ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች አሉ። የደባርቅና የአካባቢው ገበሬዎች በቅሎ ይነዱላቸዋል፤ መንገድም ይመሯቸዋል።

ጎብኚው ትልቅ ሻንጣ ይዞ ይመጣል። ውስጡ ብዙ ነገር አለ። የመኝታ ከረጢት አለው። የኛ ባናና የማዳበሪያ ከረጢት ያን ሥራ ይሠራሉ። ከሥሩ የሚያነጥፈው ስስ ፍራሽ አለው። የኛ አጎዛ አለ። ዝናብ የማያስገባ ካፖርት አለው። የኛ ላስቲክና ገሳ አለ። በጥቅልል ወረቀት የታሸገ ምግብ አለው። የኛ በሶ አለ።

እንግዲህ ልዩነቱ የዕቃው ዋጋ ነው እንጂ ሥራው አንድ ነው። ጎብኚውን የሚጠቅመው ውድ ዕቃ መያዙ ብቻ አይደለም። አጭር መንገድ ሲሄድም ጥቂቱን ከጀርባው አለመለየቱ ነው። ይህን ልማድ ለመያዝ ገንዘብ አያስፈልግም።

ጎብኚ የሚመራ ወይም በቅሎ የሚነዳ ወጣትም ለራሱ ጥቅል መያዝ አለበት። እንግዳው በሙቅ ልብስ ተጠቅልሎ ሲተኛ መሪው በነጠላ መቀመጥ አይገባውም።

6. ሲመሽ ምን ይደረግ?

ፀሐይ ሳትጠልቅ መቆም። ምን ያህል ጊዜ እንደቀረ በእጃችን መለካት እንችላለን። ክንዳችንን ወደ ፊት እንዘረጋለን። አራት ጣታችንን ገጥመን ከፀሐይ በታች እንይዛለን። በአገራችን ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ በፀሐይና በአድማስ መካከል አራት ጣት ከቀረ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቷል ማለት ነው። ተራራ ካለ ፀሐይ ከዚያ ቀድማ ትሰወራለች። ፀሐይዋን ትኩር ብሎ ማየት ግን ዓይን ይጎዳል።

መንገዱ የማያልቅ ከሆነ በብርሃን ማረፊያ መፈለግ ይሻላል። በጨለማ ገደል ለገደል መሄድ ከብርዱ ይብሳል። የሞላ ወንዝም በሌሊት አይሞከርም።

ቦታ መምረጥ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የሸለቆው ወለል ይበርዳል። የተራራው ጫፍ ደግሞ ነፋስ ይመታዋል። ጥሩ ቦታ ከሁለቱ መካከል፣ ከቋጥኝ ወይም ከቁጥቋጦ ጀርባ ነው። ደረቅ ወንዝ ውስጥ መተኛት አይገባም። ሩቅ የዘነበ ዝናብ ደራሽ ያመጣል። መብረቅ ካለ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው።

መኝታ ማዘጋጀት። ከላይ ከመደረብ በፊት ከሥር ማንጠፍ ይቀድማል። ሣሩ፣ ቅጠሉ ወይም ጭዱ ሲተኙበት ተጨፍልቆም አንድ ስንዝር ያህል ቢሆን መልካም ነው።

መጠጋጋት። «አንድ ብርቱ፣ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላል። ተራርቀው የተኙ ሰዎች ሁሉም ይበርዳቸዋል። የተጠጋጉ ግን ይሞቃሉ። ልጆች በመካከል ይሁኑ።

እሳት። እሳት ያሞቃል፤ ጅብም ያርቃል። ስለዚህ እየተፈራረቁ መጠበቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን በበጋ ሣሩ ደረቅ ነው። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች የተነሣው ቃጠሎ ብዙ ሣርና ደን አጥፍቷል። ስለዚህ ዙሪያውን ያለው ሣር ይነሣ። ሲነጋም እሳቱ በውኃና በአፈር ይጥፋ።

ቀድሞ መናገር። ከቤት ስንወጣ በየት እንደምንሄድና መቼ እንደምንመለስ ለቤተ ሰብ እንናገር። ያልተናገረን ሰው የት ሄደው ይፈልጉታል?

7. ብርድ የመታውን ሰው መርዳት

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይባላል። ብርድም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ምልክት መርዳት ይቀላል።

የመጀመሪያው ምልክት መንቀጥቀጥ ነው። እጅ ይደነዝዛል። ሰውየው ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል።

ሁለተኛው ምልክት ይከፋል። ሰውየው ይደናቀፋል። ምላሱ ይተሳሰራል። ነገር ይዘነጋል። ይነጫነጫል ወይም ዝም ይላል።

ሦስተኛው ምልክት እጅግ አደገኛ ነው። መንቀጥቀጡ ይቆማል። እንቅልፍ ይጥለዋል። አንዳንዱም «ሞቀኝ» ብሎ ልብሱን ይጥላል።

የሚደረገው እርዳታ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ከነፋስና ከዝናብ ማውጣት።
ሁለተኛ፣ እርጥቡን አውልቆ ደረቅ ማልበስ።
ሦስተኛ፣ ከሥሩ ማንጠፍ፣ ራሱን መሸፈን።
አራተኛ፣ ደረቱን፣ አንገቱንና ብብቱን ማሞቅ። ለዚህ የሌላ ሰው ገላ ይበቃል። ለብ ያለ ውኃ የያዘ ጠርሙስም በጨርቅ ተጠቅልሎ ብብት ውስጥ ይደረጋል።
አምስተኛ፣ ነቅቶ የሚናገርና የሚውጥ ከሆነ ለብ ያለ ጣፋጭ ነገር ማጠጣት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም።
ስድስተኛ፣ ሦስተኛው ምልክት የታየበትን ሰው አጋድሞ፣ ቀስ አድርጎ ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ። እንዲራመድ ማስገደድ አይገባም።

በብርድ የደነዘዘ ሰው ትንፋሹ ሊታወቅ እስከማይችል ሊደክም ይችላል። ስለዚህ «ሞቷል» ብሎ ቶሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። እየሞቀ ወደ ሐኪም ይሂድ።

8. ሦስት የተሳሳቱ ልማዶች

አረቄ። አረቄ የጠጣ ሰው የሞቀ ይመስለዋል። አረቄ ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ይከፍታል። የውስጡ ሙቀት ወደ ቆዳ ይወጣና ያመልጣል። ደግሞም ሰውየው መጠንቀቅ ይተዋል።

ማሸት። የደነዘዘን እጅና እግር በኃይል ማሸት ጉዳት ያመጣል። እሳት ውስጥ ማስጠጋትም አይገባም። የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማውም።

ከሰል። በተዘጋ ቤት፣ በድንኳን ወይም በጠባብ ዋሻ ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው መርዛም አየር ሽታ የለውም፤ አይታይም። የተኛው ሰው ሳያውቀው ይሞታል።

9. በቃሬዛ የሚሄድ ሕመምተኛ

በሽተኛ ወይም ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክመን ስንሄድ አንድ ነገር እንዘነጋለን። ተሸካሚዎቹ በድካም ያልባቸዋል። በሽተኛው ግን አይንቀሳቀስም፤ ይበርደዋል። እኛ ስለሞቀን እሱም የሞቀው ይመስለናል። ከላይ የምንደርበውን ያህል ከሥሩም፣ በጀርባው በኩል፣ እናንጥፍለት። ነፋስ ከሥር ይገባልና።

ሕፃን መንገድ ላይ ቢወለድ ቶሎ በደረቅ ጨርቅ ይድረቅ። ከዚያም ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ ይደረግ። ራሱ ይሸፈን። ከላይ ሁለቱም በአንድ ልብስ ይጠቅለሉ። አፍንጫው ግን ክፍት ይሁን። ለሕፃኑ ከእናቱ ደረት የሚሻል ማሞቂያ የለም።

ማጠቃለያ

ብርድ በድንገት አይገድልም። በእርጥበት፣ በነፋስ፣ በመሬትና በራብ በኩል ቀስ እያለ ይገባል። እነዚህን አራቱን የሚከለክል ጥቅል አንድ ሰው በትከሻው ይችለዋል። አህያ ላይ ቢጫን ደግሞ ምንም አይደለም። ጥቅሉ መቶ ጊዜ ወጥቶ መቶ ጊዜ ሳይፈታ ቢመለስ ኪሳራ የለውም። የሚፈታበት አንድ ሌሊት ግን ሰው ያተርፋል።

የቃላት ትርጉም

ባና — ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ልብስ
አጎዛ — ለመቀመጫና ለመኝታ የሚሆን የበግ ቆዳ
ገሳ — ከሣር የተሠራ የዝናብ መከለያ
ደራሽ — ሩቅ ዘንቦ በድንገት የሚመጣ ጎርፍ
አድማስ — ሰማይና ምድር የተገናኙ የሚመስሉበት ቦታ

ጥያቄዎች

1. አራቱ የሙቀት ሌቦች እነማን ናቸው?
2. የጥጥ ልብስና የሱፍ ልብስ ሲርሱ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
3. የልጁ መንቀጥቀጥ ሲቆም አባቱ «ተሻለው» አለ። የተሳሳተው ለምንድን ነው?
4. አረቄ በብርድ ጊዜ ለምን ይጎዳል?
5. ከመንደራችሁ እስከ ገበያ ባለው መንገድ ላይ፣ ቢመሽ ለማደር የሚሆን ቦታ የት አለ? ተወያዩ።
6. በጥቅሉ ከተዘረዘሩት ነገሮች በቤታችሁ ያሉትን ጻፉ። የሌሉትንም ለይታችሁ ጻፉ።